የዝንቦቹ አያት

ብሪን ፔነርን እንዴት ዶግ አመድ እንዳደረግኳት ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው። ልፈንዳ ወይስ ልንገራችሁ? በቃ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደጠላኋት እወቁ፣ አለበለዚያ ክፉ ልጅ ልመስላችሁ ነው። ክፉ እንኳን ብሆን ምክንያት ያለኝ ክፉ ነኝ።

ብሪን እኮ ጓደኛዬ ነበረች! ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ! እኛ ከተማ ደግሞ እንደልብ ጓደኛ አይመረጥም። አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ የስንዴ ማሳ ነው። መስከረም ላይ እኛ ቤት ቁጭ ብለን ታቶ፣ አባቴ ማለት ነው፣ ከትናንት የተረፈ ፔሮጊ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ድንች ነው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተና አሞቀ። በሩን ሲከፍተው አንዲት ሚጢጢ ዝንብ ከውስጥ ቡር ብላ ወጣች። ፔሮጊው ምላስ ይልጣል፣ እሷ ግን ምንም አልሆነችም!

ታቶ "ይቺስ ሲኦልንም ደርሳ የምትመለስ ናት" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቀልቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

"ብሪን! አንቺ ብሪን! ቆይ፣ ከጨረር የተረፈች ዝንብ እንቁላል ትጥላለች? ልጆቿስ ደህና ይሆናሉ? የልጅ ልጆቿስ?"

ብሪን ከንፈሯን እየቀባች ነበር (በኔ ቅባት! ሁሌ በኔ!)። "ውይ ዳርኪዬ፣ ለሳይንስ ውድድሩ አብረን እንሥራው!" አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ ለባዮሎጂ አስተማሪያችን ለሚስተር ቴቭስ የራሷ ሐሳብ አድርጋ ነግራ፣ የራሷን ስም ብቻ አስመዝግባ ጨርሳለች።

"እኔ ነኝ እኮ ያሰብኩት!" ብዬ ጮህኩ።

"ልጆች፣ ልጆች፣ ዝንብ ለሁላችንም ይበቃል" አሉ ሚስተር ቴቭስ። የሳቸው ችግር ደግነታቸው ነው። ጉዳዩን ለሁለት ሰነጠቁት። ጨረሩ ዘር ይቀይራል ወይ የሚለው፣ የሚያብረቀርቀው፣ ለብሪን ሆነ። ዝንቦቹ ስንት እንቁላል ይጥላሉ የሚለው ለኔ። እሷ ዓለምን ልታስደንቅ፣ እኔ እንቁላል ልለቅም!

ይሄም ይሁን። ግን በሳምንቱ እኔ ጠርሙስ ላይ አጎንብሼ፣ አፌ ተከፍቶ፣ ፀጉሬ ተንጨብሮ አንስታኝ ክፍሉ በሙሉ ያለበት ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። "የትል እማማ ልጆቿን ስታጠባ" ብላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳርካ የሚለኝ ጠፋ።

"የትል እማማ፣ ቤተሰብ ደህና?"

"የትል እማማ፣ ምሳሽ ሩዝ ነው ወይስ ዘመድ?"

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር እንኳን! ትልቅ ሰው! "እማማ፣ ልጆቹን ይዘሽ ከኋላ ተቀመጪ" አለኝና አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ብሪን ከሁሉም በላይ ነው የሳቀችው፣ እንባዋ እስኪፈስ። ያቺን እንባ አየኋትና በልቤ "ቆይ፣ ሌላ እንባ አለሽ" አልኩ።

ሁለት ነገር ነበር የምፈልገው። አንደኛው፣ ከአውራጃችን አንድ ልጅ ብቻ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል፣ ያ ልጅ ደግሞ የዕረፍቱን ወራት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። በእውነተኛ ማይክሮስኮፕ! ያንን ቦታ በጣም ከመፈለጌ የተነሳ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነጭ ጋውን ለብሼ ስራመድ ይታየኝ ነበር። ሁለተኛው የብሪንን ፊት ሲፈርስ ማየት። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ... ቆይ፣ እንደርስበታለን።

ሥራዬን ግን ወደድኩት፣ አልዋሽም። ታቶ ከከርሊንግ ቤቱ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ከሚጫወቱበት አዳራሽ፣ ሊጣል የነበረ አሮጌ ማይክሮዌቭ አመጣልኝ። ዝንቦች አንቀላፍተው ካልሆነ አይለዩም፣ ወንዱን ከሴቷ መምረጥ አይቻልም። እኛ አገር ደግሞ ማደንዘዣው ነፃ ነው። መስኮት ከፈት አድርጌ ጠርሙሱን ውጭ በረዶው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ የምሰማው ዘፈን ሳይጋመስ ሁሉም ዝርር! አስገብቼ በቀለም ብሩሽ ጫፍ እለያቸዋለሁ። ዘፈኑ ካለቀ ግን አለቀላቸው፣ እንደ በርበሬ ፍሬ ይደርቃሉ። ስለዚህ አጭር ዘፈን አልመርጥም፣ ረጅምም አልመርጥም።

አሁን ስለ ነጭ ዓይኖቹ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መርዜ እሱ ነው።

የተለመደው የፍራፍሬ ዝንብ ዓይኑ ቀይ ነው፣ እንደ ጡብ። ሚስተር ቴቭስ ግን ለኔ ብቻ ነጭ ዓይን ያላቸው ወንዶች አስመጡልኝ። የማን ልጅ የማን እንደሆነ እንድለይበት ለምኛቸው ነው። በትምህርት ቤቱም ሆነ በከተማው ከኔ ጠርሙስ በቀር ነጭ ዓይን የትም የለም። እነዚህን ወንዶች ከተለመዱት ቀይ ዓይን ሴቶች ጋር ስታጋቧቸው ልጆቹ በሙሉ ቀይ ዓይን ይሆናሉ። ብታዩዋቸው ከማንኛውም ዝንብ አይለዩም። ነጩ ግን አልጠፋም፤ ሴቶቹ ልጆች ውስጥ ተደብቋል። እነሱ ሲወልዱ የአያታቸው ዓይን ወንዶቹ የልጅ ልጆች ላይ፣ ግማሽ በሚሆኑት ላይ፣ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ሴቶቹ ላይ አይታይም። ወንዶቹ ላይ ብቻ! እኔ መጀመሪያ ሳየው ጮህኩ።

ብሪን ግን ይሄን አታውቅም። ክፍል ውስጥ ሲነገር ጥፍሯን ስትቀባ ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ቀን የሁለታችንም ጠርሙሶች የሚቀመጡበትን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት በር ስከፍት የሽታው ዓይነት! የተቃጠለ ፀጉርና ዝንቦቹ የሚበሉት ሽሮፕ በሉት። መታጠቢያው ላይ ብሪን ያጠበችው ጠርሙስ አለ፣ ሥሩ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ተጣብቋል። ገባኝ! ሴትየዋ ዝንቦቿን እንደ ፈንዲሻ ነው ያበሰለቻቸው! ጨረር ያልነካቸው ለማወዳደሪያ የተቀመጡት፣ ከሚስተር ቴቭስ ጠርሙስ የወጡት፣ አሉ። ጨረር የሚነካቸው ግን አለቁ።

ሚስተር ቴቭስን ሌላ ስጡኝ ብትላቸው እኮ ይሰጧት ነበር። ግን "ቀቀልኳቸው" ማለት አለባት። ብሪን ደግሞ "አጠፋሁ" የሚል ቃል ሲወጣት ሰምቼ አላውቅም።

እና እኔ ብሪንን አውቃታለሁ። የፀጉሬን ማሰሪያ፣ ጓንቴን፣ ቅባቴን ስትወስድ አትፈልግም፣ አትመርጥም፤ ከፊት ያገኘችውን ላፍ ነው። ስለዚህ ነጭ ዓይን ካላቸው አባቶች የተወለዱትን፣ ዓይናቸው ፍም የመሰለውን፣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ አነሳሁና መደርደሪያዬ ላይ ከሁሉም ፊት አስቀመጥኩት። "ቀይ ዓይን" ብዬ ጻፍኩበት። ውሸት ነው እንዴ? ቀይ ናቸው! ሄዳችሁ እዩ!

በነጋታው ጠርሙሱ የለም። በቦታው ሌላውን ጠርሙሴን ገፋ አድርጋ ክፍተቱን ዘግታዋለች፣ ብልጥ መሆኗ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከመጥረጊያው ጋር።

ከዚያ መጠበቅ። ዝንብ ደግሞ ቶሎ ነው የሚወልደው፣ ግን እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። አንድ ቀን ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ብሪን አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍታ፣

"ወይኔ! ወይኔ አምላኬ! ነጭ! ዓይናቸው ነጭ ነው! ጨረሩ ዘራቸውን ቀየረው!" ብላ ስትጮህ ክፍሉ ተገለባበጠ። ሚስተር ቴቭስ እየተደነቃቀፉ መጡ። አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ዳርካ፣ ነጭ ዓይኖችሽ በቦታቸው አሉ?"

ይሄኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። "አዎ ሚስተር ቴቭስ፣ አንድም ነጭ ዓይን አልጎደለብኝም" አልኩ። እውነት ነዋ!

"ብሪን፣ አንቺስ? የዳርካን ጠርሙስ በስህተት ነክተሽ ይሆን?"

"እኔ? የትል እማማን ጠርሙስ? ልሙት አልነካሁም! እጄ ይሸታል!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ እጅጌዬን ነክሼ። ጓደኞቿ ግራ ገባቸው።

ከዚያማ ከተማው አበደ። የአካባቢያችን ጋዜጣ ብሪንን ከጠርሙሱ ጋር አንስቶ አወጣት። አያቷ ማይክሮዌቯን አውጥታ ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ወረወረችው፣ ጎረቤቷም አይታ ወረወረች፣ መንገዱ የዕቃ መቃብር መሰለ። እናቷ ነጭ የስኳር ዓይን ያላቸው የዝንብ ብስኩቶች ጋግራ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አደለች። በላሁ፣ ይጣፍጣል።

ታቶ ማታ የኛን ማይክሮዌቭ በጥርጣሬ እያየ "ዳሩስያ፣ እኛስ እንጣለው ይሆን?" አለኝ፤ ሲያቆላምጠኝ ዳሩስያ ነው የሚለኝ።

"ታቶ፣ ፔሮጊህን አሙቅና ብላ።"

"ምነው ፈገግ ፈገግ ትያለሽ? ያቺ ልጅ በልጣሽ እኮ ነው።"

"እኔ የማውቀውን ብታውቅ አንተም ፈገግ ትላለህ።"

"ይሄ ፈገግታሽ የእናትሽን ወገኖች ነው የሚመስለው" አለና ራሱን ነቀነቀ። የእናቴ ወገኖች በአጥር ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ የሚያረጁ ሰዎች ናቸው።

የአውራጃው ውድድር ሚያዝያ ላይ በከርሊንግ ቤቱ ነበር፣ በረዶው ተነስቶ ወለሉ ሲደርቅ። ዋና ዳኛዋ ዶክተር ጊል የሚባሉ ሴት ናቸው፣ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ኃላፊ፤ ጎተራ ውስጥ ያለ ነቀዝ በማይክሮዌቭ ጨረር ሲመታ ምን እንደሚሆን ሲያጠኑ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። እሳቸው መሆናቸውን ስሰማ ከደስታ ብዛት ዘለልኩ። ብሪን ደግሞ ማን እንደሆኑ እንኳን አልጠየቀችም።

ሕጉን ጠዋት ነገሩን። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ከታች ያለ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄ ብቻ። ክስ ያለው ሰው ግን ቀድሞ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዶ በቀስታ ይናገራል፤ በሕዝብ ፊት ሌላውን ተወዳዳሪ የከሰሰ ይሰረዛል። ሁላችንም ገብቶናል ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

ዶክተር ጊል የኔ ቦታ ጋ መጥተው ብዙ ቆሙ። እኔ ያገኘሁት አሰልቺ ነገር ነው። ጨረር የነካቸው ዝንቦች ጥቂት እንቁላል ነው የጣሉት። ግን ያለ ጨረር፣ በሙቅ ውሃ ብቻ በዚያው ልክ ያሞቅኳቸውም እኩል ነው የቀነሱት። የልጅ ልጆቹም ምንም አልሆኑም።

"ስለዚህ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

"የጎዳቸው ሙቀቱ ነው እንጂ ጨረሩ ዘር ውስጥ ገብቶ ሲያምስ እኔ አላየሁም። አዝናለሁ፣ ያን ያህል አያስደንቅም።"

"ማን ነው የግድ ያስደንቅ ያለሽ? በሙቅ ውሃ ማወዳደሩን ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ፔሮጊ ነው፣ ከማይክሮዌቭ ሲወጣ ምላስ ይልጣል።"

ሳቁ። ከሄዱ በኋላ ደግሞ ዞር ብለው አዩኝ። ቦታው የኔ ነው! ታወቀኝ እኮ! ሚስተር ቴቭስ እንኳን ከሩቅ አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

በቀስታ ጠረጴዛው ጋ ሄጄ ሹክ ብል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ግን ሹክ? ብሪን እኔን ሹክ ብላ ነው እንዴ የትል እማማ ያደረገችኝ?

ብሪን መድረክ ላይ ወጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማ፣ ከኋላዋ በር የሚያህል የነጭ ዓይን ፎቶ። "ማእድ ቤታችሁ ውስጥ ዘራችሁ እየተቀየረ ነው!" ብላ ስትጀምር እናቶች ደረታቸውን ያዙ። ስትጨርስ ጭብጨባው! ከዚያ ጥያቄ ተባለ። እጄን አወጣሁ።

"አቤት የትል... አቤት ዳርካ" አለች ብሪን። ከኋላ ተሳቀ።

ድምፄን ማር አስመሰልኩት። "ብሪንዬ፣ ነጭ ዓይን ያላቸው ወንዶች ናቸው ሴቶች?"

"ምን ልዩነት አለው? ዝንብ ናቸው።"

"እንዲሁ ልወቅ ብዬ ነው።"

ዶክተር ጊል እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "እስቲ ጠርሙሱን አምጪልኝ" አሉ። ጠርሙሱን በረዶ የያዘ ሣጥን ውስጥ ከተቱት፣ ዝንቦቹ ተዘረሩ፣ በአጉሊ መነጽር ማየት ጀመሩ። ብሪን ፀጉሯን ወዲህ ወዲያ ታደርጋለች።

"ነጮቹ በሙሉ ወንድ ናቸው" አሉ ዶክተር ጊል። "ከወንዶቹ ደግሞ ግማሹ ገደማ። የኔ ልጅ፣ ጨረሩ ሁሉንም እናቶች ዘራቸው ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ መታቸው? እንዲህ ያለ አነጣጣሪ እኔ አላውቅም። ጨረር ያልነካቸው ለማወዳደሪያ የያዝሻቸው ከየት ናቸው?"

"ከሚስተር ቴቭስ ጠርሙስ።"

"እነዚህስ?"

"ከ... ከሱው።"

"አይደለም። እነዚህ ነጭ ዓይን የነበረው አያት አላቸው።"

የብሪን ፊት! ወይኔ ፊቷ! መጀመሪያ ጉንጯ ቀላ፣ ከዚያ ያ ቀይ ወደ አንገቷ ወርዶ ፊቷ እንደ ፎቶው ዓይን ነጣ። ሚስተር ቴቭስ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ነጭ ዓይን የት እንዳለ ያውቃሉ እኮ። ሁሉም ነገር አልቋል። እኔ መቀመጥ ብቻ ነበረብኝ። ተቀመጪ ዳርካ! አፍሽን ዝጊ ዳርካ! ቦታው በእጅሽ ነው!

ከዚያ ብሪን እንባዋ እየወረደ ወደ ታች አየችኝና "የትል እማማ" አለች። በከንፈሯ ብቻ።

ወንበሩ ላይ ቆምኩ።

"አያታቸው የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ ያሳደግኩት! ሌባ! ያንቺን ቀቀልሻቸው፣ የኔን ሰረቅሽ! እንደምትሰርቂ አውቄ ነው ከፊት ያስቀመጥኩልሽ! እስከዚህ እንድትመጪ ነው ዝም ያልኩሽ! እኔ የትል እማማ ከሆንኩ አንቺ የልጆቼ ሞግዚት ነሽ!"

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው በሳቅ ተንከባለለ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ባርኔጣውን ጣለ። ብሪን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሮጠች፤ ስትሮጥ ጠርሙሱን መታችው፣ ከቅዝቃዜው የነቁት ዝንቦች ቡር ብለው ነጭ ቀሚሷ ላይ ሰፈሩ። ይሄን እኔ አላቀድኩትም! እነሱ ራሳቸው ናቸው! በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ግን ዶክተር ጊል አልሳቁም።

"ሆን ብለሽ ነው ያስቀመጥሽላት?"

"...አዎ።"

"አስተማሪሽ ሲጠይቁሽስ?"

ሚስተር ቴቭስን አየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ይዘዋል፣ አይጠርጉትም።

"ዛሬ ካቀረባችሁት ሁሉ ያንቺ ሥራ ይበልጣል" አሉ ዶክተር ጊል። "ግን የተበላሸ ጠርሙስ አይቶ ዝም የሚል ሰው ላብራቶሪዬ አላስገባም። ሕጉንም ጠዋት ሰምተሻል።" ስሜ ላይ መስመር አሰመሩ። ድምፁ ተሰማኝ፣ ጭርር።

ቦታው ለጆሴት ተሰጠ። የትኛው የበረዶ ጫማ እንደማያንሸራትት ስታጠና የከረመች ልጅ ናት፣ መንገድ ላይ እየወደቀች። ራሷም አላመነችም፣ "እኔ? በጫማ?" አለች። ጎበዝ ናት፣ ምንም አላልኳትም። ማታ ግን አልቅሻለሁ። ነጭ ጋውኑ ጠፋ፣ ማይክሮስኮፑ ጠፋ። ታቶ በመኪናው ወሰደኝና ቤት ስንደርስ "ይሄውልሽ፣ የእናትሽ ወገኖች" አለኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እየሳቀ ነው። "የልጆቼ ሞግዚት!" አለ፣ "የልጆቼ ሞግዚት!" አብረን ሳቅን፣ እኔ እያለቀስኩ።

አሁን ቅጣታችን ምን እንደሆነ ገምቱ። የዕቃ ቤቱን ጠርሙሶች በሙሉ፣ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ፣ እኔና ብሪን አብረን እናጥባለን። የሻገተ ሽሮፕ፣ የሞተ ትል፣ ጥጥ። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የነበረው እጄ አሁን እስከ ክርኔ ዝቃጭ ውስጥ ነው።

ትናንት ብሪን አፍንጫዋን በስካርፍ አስራ ስትፈገፍግ ቆይታ "አንቺም እኮ አላለፍሽም" አለችኝ። "ምን ተጠቀምሽ?"

"የቀሚስሽ እድፍ ለቀቀ?"

ጠርሙሱን ይበልጥ ፈገፈገችው።

"ትሎቹን በደንብ እጠቢያቸው፣ ሞግዚት። ዘመድ ናቸው።"

ስፖንጁን ወረወረችብኝ፣ ሳተችኝ። እኔ ማፏጨት ጀመርኩ። ከውድድሩ ወዲህ ክፍል ውስጥ የሚጠራኝ ሁሉ ዳርካ ነው የሚለኝ፣ እሷን ደግሞ መተላለፊያው ላይ "ሞግዚት፣ ልጆቹ እንዴት አደሩ?" ይሏታል። የአውቶቡሱ ሹፌርም።

አንድ ጠርሙስ ግን አላጠብኩም። መድረኩ ላይ ከተፈናጠሩት ጥቂቶቹን ሰብስቤ ቤት ወስጃቸዋለሁ፣ መስኮቴ ሥር ናቸው፣ በደንብ ይበላሉ፣ ይራባሉ። ነጭ ዓይኖቹ በየትውልዱ ብቅ ይላሉ። ጠርሙሱ ላይ "ብሪን" ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንኳኳበትና ደህና አደራችሁ እላቸዋለሁ።